ልኩ ያልተወሰደለት ገላ

ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው አዳምና ሔዋን ከገነት ከመሰደዳቸው አስቀድሞ እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ አድርጎ አለበሳቸው፤ በመጻሕፍት ከምናገኘው የልብስ ታሪክ ቀዳሚ የሆነው ይህ ሥራ ለሁለት ለሚታወቁ ሰዎች የተደረገ እንጂ ለማይታወቅ ሕዝብ በጅምላ የተዘጋጀ አልነበረም። ከዚያም ወዲህ በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ልብስ የሚሰፋለት ሰው ከሰፊው ፊት ቆሞ ልኩ ይወሰድ ነበር፤ አንደኛው ትከሻው ያዘነበለ እንደ ሆነ ሰፊው በዚያ በኩል ይጨምርለታል፤ አንድ እግሩ ያጠረ እንደ ሆነ የሱሪውን ጫፍ በዚያው ያስተካክልለታል። ድኻው የሌላውን አሮጌ ለብሶ መኖሩ የማይካድ ቢሆንም፣ ጥበቡ የሚጀምረው ከሰው ገላ እንጂ በወረቀት ላይ ከሰፈረ ቁጥር አልነበረም። ቁጥሩ ገላውን እንዴት እንደ ቀደመው፣ ከቁጥሩም ውጭ የቀሩት ሰዎች የሚስማማቸውን ልብስ ለማግኘት ምን ያህል እንደ ደከሙ በቅደም ተከተል መተረክ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው፤ የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መንግሥት እጅግ ብዙ ለሆነው ሠራዊቱ የደንብ ልብስ ባስፈለገው ጊዜ፣ የእያንዳንዱን ወታደር ልክ ወስዶ ማሰፋት የማይሞከር ስለ ነበረ፣ የብዙዎች ደረትና ቁመት ተለክቶ ተቀራራቢ ሆነው የተገኙት ልኮች በጥቂት መደቦች ተከፈሉ፤ ጦርነቱም ሲያልቅ ይኸው ዘዴ ወደ ንግዱ ተሻገረና ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ከሱቅ የመግዛት ልማድ ተስፋፋ። ይህ ዘዴ ልብስን ለብዙ ሕዝብ በርካሽ ያዳረሰ በረከት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ዘመን ጀምሮ ልብስ ያልተስማማው ሰው ጉድለቱን ከልብሱ ሳይሆን ከራሱ ገላ እንዲፈልግ ተገደደ፤ ይህም በደል፣ ደም የሚያፈስ ባለመሆኑ፣ ለብዙ ጊዜ በደል ተብሎ ሳይጠራ ኖረ።

ከቁጥሩ ውጭ ለቀሩት አስቀድመው ካሰቡላቸው ሰዎች አንዷ ከሊትዌንያ ወደ ኒውዮርክ የተሰደደችው ሌና ሂመልስታይን ናት። የጌጣጌጥ ነጋዴ የነበረው ባሏ ብራያንት ሕፃን ልጅ ትቶባት በሞተ ጊዜ እሱ የሰጣትን ጌጥ አስይዛ የስፌት መኪና አገኘች፤ በ1904ም የራሷን ሱቅ ከፈተች። በባንክ ወረቀት ላይ ስሟ በስሕተት ሌን ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ድርጅቷ ሌን ብራያንት ተብሎ ቀረ። አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ በሰው ፊት ለብሳው የምትወጣው ቀሚስ እንድታበጅላት በለመነቻት ጊዜ ወገቡ የሚለጠጥ ቀሚስ ሰፋችላት፤ እርግዝና የሚሸሸግ ነገር በነበረበት በዚያ ዘመን ግን ጋዜጦች ማስታወቂያዋን አናወጣም ብለው ቆዩ፤ በመጨረሻ በ1911 ኒውዮርክ ሄራልድ ቢያወጣላት በሱቋ የነበረው ዕቃ ወዲያው ተሸጦ አለቀ። ሁለተኛው ባሏ መሐንዲሱ አልበርት ማልሲን ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ደንበኞችን ልክ ሰብስቦ መረመረና ወፍራም የሚባሉት ሴቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ እንደሌላቸው ተረዳ። በዚህም ምክንያት የሌላው ሱቅ በር የተዘጋባቸው ሴቶች፣ ሳያፍሩ ገብተው፣ መርጠውና ለክተው የሚገዙበት ቤት አገኙ።

የመንግሥት ሊቃውንት ግን በሌላ መንገድ ሄዱ። በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የቤት አያያዝ ጥናት ክፍል፣ በሩት ኦብራየንና በዊልያም ሸልተን መሪነት፣ ለሴቶች ልብስ የሚሆን አንድ ወጥ መስፈርት ለማውጣት ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ፤ ከያንዳንዷም ሴት ከ50 የሚበልጡ ልኮች ተወሰዱ። ሥራው በትጋቱ የሚያስደንቅ ነው። ሆኖም በ1941 በታተመው ውጤት ውስጥ የገባው የነጮቹ ሴቶች ልክ ብቻ ነበር፤ የሌሎቹ፣ ተለክተውም እንኳ፣ ከሒሳቡ ወጣ። ከዚያ ጥናት የተወለደው መስፈርት በ1958 በመንግሥት ታውጆ የአገሪቱ ሴቶች ሁሉ መለኪያ እንዲሆን መደረጉን ሳስብ፣ የማያዳላ የሚመስለው ቁጥር እንኳ ማን እንደ ቆጠረውና ማንን እንደ ዘለለ መጠየቅ እንዳለበት ይገባኛል።

በዚህ መካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ እጅና እግራቸውን ያጡ፣ አከርካሪያቸው የተመታ ብዙ ወጣቶችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። በሰላሙም አገር ቢሆን ልምሻ ሕፃናቱንና ጎልማሶቹን እየመታ የብረት ድጋፍና ምርኩዝ ያሸክማቸው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በአየር ኃይል ያገለገለው የሚዙሪው ሐኪም ሃዋርድ ረስክ፣ ቁስሉ የዳነለት ሰው ወደ ኑሮው ካልተመለሰ ሕክምናው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል የሚል ጽኑ እምነት ስለ ነበረው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሥር የተሐድሶ ተቋም አቋቋመ። በዚያ ተቋም አካል ጉዳተኞች መራመድን ብቻ ሳይሆን ራስን መመገብን፣ መታጠብንና መልበስን እንደ ትምህርት ይማሩ ነበር። ትምህርቱ ግን ከአንድ ግድግዳ ጋር ተጋጨ፤ ተማሪው የቱንም ያህል ቢተጋ ኮቱ፣ ሱሪውና ቀሚሱ የተቀደዱት ሁለት ጤናማ እጅና ሁለት ጤናማ እግር ላለው፣ ቆሞም ለሚለብስ ሰው ነበርና።

ረስክ ይህን ባየ ጊዜ የፈለገው ሌላ ሐኪም አልነበረም። በ1955 በኒውዮርክ የሞድ ዓለም ስም የነበራትን ሔለን ኩክማንን ጠርቶ ጥናቱን በእጇ ሰጣት። ኩክማን መስማት የሚያዳግታት ሴት ስለ ነበረች፣ ለሌላው ሰው ቀላል የሆነው ነገር እንዴት ከባድ እንደሚሆን የሚነግራት አላስፈለጋትም። ከሕመምተኞቹ ዘንድ ሄዳ ሲለብሱና ሲያወልቁ አየች፤ ልብሱ የት እንደሚቀደድ፣ የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያሳፍር አስተዋለች። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ኮት አስቀድሞ የሚያልቀው ከብብቱ መሆኑን አይታ ብብቱን በድርብ ጨርቅ አጠነከረችው፤ ክንዱን በዘረጋ ቁጥር ጀርባው እንዳይወጠር በጀርባው ላይ የሚከፈት እጥፋት አደረገችለት። የእግሩ ብረት ሱሪውን ከውስጥ እየፋቀ ለሚበላበት ሰው ገበሩን አበረታችለት፤ ሱሪውንም ሳያወልቅ ብረቱን እንዲያስርና እንዲፈታ የጎኑን ስፌት ከላይ እስከ ታች በዚፕ እንዲከፈት አደረገችው። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ለምትውል ሴት ከራስ የሚጠለቀውን ቀሚስ ትታ፣ ተቀምጣ ሳለች በወገቧ ዙሪያ የምትጠመጥመውን ሠራችላት።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ይህን ሁሉ ብልሃት መሸሸጓ ነው። ዚፑ በስፌቱ ውስጥ ተሰውሮ፣ ድርቡ በገበሩ ተሸፍኖ፣ ኮቱ በውጭ ለሚያየው ሰው በከተማው ካሉት መልካም ኮቶች አንዱ ሆኖ ይታይ ነበር። የታረዘውን ማልበስ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከምግባረ ሠናይ የሚቆጠር ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በምጽዋት የተሰጠ ጨርቅ ገላን ሲሸፍን የሰውየውን ችግር ለመንገደኛ ሁሉ ሊያውጅበት ይችላል። ኩክማን ያየችው ይህን ነው፤ አካል ጉዳተኛው የሚያስፈልገው ከብርድ የሚያድነው ብቻ ሳይሆን ሰው ከሰው እኩል ሆኖ የሚታይበት፣ ለሥራ ሲቀርብም ሆነ ለሠርግ ሲጠራ አንገቱን የማያስደፋው ልብስ መሆኑን ከብዙ ሐኪሞች ቀድማ ተረዳች።

ሥራው የአንዲት ሴት ትሩፋት ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ ረዳት አገኘች። ለብዙ ዓመታት የኒውዮርክ ታይምስ የሞድ አዘጋጅ የነበረችው ቨርጂንያ ፖፕ ከጋዜጣው ሥራ ካረፈች በኋላ ከእርስዋ ጋር ተባበረችና «ፈንክሽናል ፋሽንስ» የሚባለውን ምልክት መሠረቱ፤ ይህም ምልክት ለአካል ጉዳተኞች እንዲስማሙ ሆነው በተሠሩ የታወቁ ቤቶች ልብሶች ላይ የሚለጠፍ ነበር። ፖፕ በሞዱ ዓለም የማታውቀው ሰው ስላልነበረ ቦኒ ካሺንና ቬራ ማክስዌልን የመሰሉ ስመ ጥር ነዳፊዎች ሥራውን ተቀበሉ፤ ለሕፃናት ልብስ የምትታወቀው የሚልዋኪዋ ፍሎረንስ አይዝማንም ተጨመረች፤ በኋላም በ1970ዎቹ አጋማሽ የሊቫይስ ቤት ጂንስ ሱሪን በዚሁ መንገድ አዘጋጀ። በ1961 ኩክማን ከተቋሙ ባለሙያ ከሙሪየል ዚመርማን ጋር የሥራውን ትምህርት በመጽሐፍ አሳተመች። በዚያው ዓመት የእርሻ ሚኒስቴሩ ባለሙያ ክላሪስ ስኮት አካል ጉዳተኛ ለሆኑ የቤት እመቤቶች የሚሆኑ ልብሶችን ጥናት ስታወጣ፣ ጠባዮቻቸው ለሴቶች ሁሉ የሚስማሙ መሆናቸውን በርእሱ ላይ ጨምራ ጻፈች። ይህች አጭር ጭማሪ ከብዙ ገጽ ክርክር ትበልጥብኛለች፤ ለደካማው የታሰበው ለብርቱውም ምቾት እንደሚሆን አስቀድማ መስክራለችና።

በዚሁ ዘመን ሌላ አገልጋይ ከስዊስ መጣ። መሐንዲሱ ጆርጅ ደ ሜስትራል ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ጠጉር ላይ የተጣበቀውን፣ እንደ አገራችን ጭጎጎት ያለ ፍሬ በማጉያ መነጽር መርምሮ፣ ጥቃቅን መንጠቆዎቹ የጨርቁን ክር እንዴት እንደሚይዙ አይቶ ነበር፤ ከብዙ ዓመት ሙከራም በኋላ በ1950ዎቹ ቬልክሮን አወጣ። ጣቶቹ ለሚንቀጠቀጡ ወይም አንድ እጅ ብቻ ላለው ሰው ይህ ፈጠራ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ በአንድ እጅ ቁልፍ ለመቆለፍ መሞከር ይበቃል።

የእኛም አገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት፤ እሱም በጫማ በኩል ነው። በደቡብ ሕንድ በቬሎር ከ1946 ጀምሮ የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች እጅና እግር የሚቆራረጠው በሽታው ሥጋውን ስለሚበላው ሳይሆን፣ ነርቫቸው ሞቶ ሕመም ስለማይሰማቸው፣ ምስማር ሲወጋቸውም ሆነ እሳት ሲያቃጥላቸው ስለማያውቁት መሆኑን አስረዳ። እግሩ ለማይሰማው ሰው ጫማ የዓይንና የነርቭ ምትክ ነው፤ ስለዚህ ብራንድና ባልደረቦቹ ውስጡ በለስላሳ ስፖንጅማ ጎማ የተነጠፈ፣ ታቹ እሾህና ጠጠር የማያሳልፍ ጫማ ማሠራት ያዙ። በ1965 በአዲስ አበባ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በነበረበት ሥፍራ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማእከል በተቋቋመ ጊዜ፣ ይኸው ጥበብ ወደ እኛ ገባና የጫማና የሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍሉ ለሕመምተኞች እንደየእግራቸው ቅርጽ መስፋት ጀመረ። ግን እዚህም የኩክማን ትምህርት ራሱን ገለጠ፤ ጫማው በመልኩ ከሌላው ጫማ የተለየ ሲሆን የለባሹን በሽታ በመንገድ ላይ ያስታውቅበታልና፣ ከቁስል የሚያድነውን ጫማ ከሐፍረት ሽሽት የሚጥሉት ሕመምተኞች በየአገሩ ተገኙ። የጫማውን መልክ ማሳመር ከሕክምናው ሥራ እንደ አንዱ ሊቆጠር እንደሚገባ የማምነው ስለዚህ ነው።

የ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ የመብት ዓመታት ነበሩ። አርተር ሚቸል በ1969 ከካረል ሹክ ጋር የመሠረተው የሃርለም ዳንስ ቲያትር፣ የባሌት ጭፈራ ሮዝ ካልሲና ጫማ የነጭ ቆዳ ቀለም ምሳሌ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ተወዛዋዦቹ ካልሲያቸውንና ጫማቸውን እንደየገላቸው ቀለም እየነከሩ እንዲለብሱ ሥርዓት አቆመ። ይሁንና የለንደኑ የፍሪድ ቤት ከባሌት ብላክ ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማና ነሐስማ የባሌት ጫማ ለገበያ ያወጣው በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ብዙ ጥቁር ተወዛዋዦች አዲስ ጫማ በገዙ ቁጥር የፊት መኳያ ቀለም ይቀቡት ነበር።

በ1973 በአሜሪካ የወጣው የተሐድሶ ሕግ 504ኛ ክፍል በመንግሥት ገንዘብ በሚተዳደር ሥራ ሁሉ አካል ጉዳተኛን ማግለል ከለከለ፤ ሕጉ በሥራ ላይ እንዲውል በ1977 አካል ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው አስገደዱ። በዚያው ወራት ግን የሚያሳዝን ነገር ሆነ። ደረጃውና በሩ፣ ትምህርት ቤቱና አውቶቡሱ የሕግ ጠበቃ ሲያገኙ ልብስ ጠበቃ አላገኘም፤ ፈንክሽናል ፋሽንስም በ1976 ሥራውን አቆመ። ሃያ ዓመት የተደከመበት ዕውቀት ወራሽ ሳያገኝ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ነዳፊዎችም ብዙውን ነገር ማንም አስቀድሞ ያልሠራው ይመስል ከሀሁ ለመጀመር ተገደዱ። ስለዚህ ሥራ ብዙ ባሰብኩ ቁጥር ከጉድለቱ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ መረሳት ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ሁለት አሥርት ዓመታት አልፌ ወደ 1998 እሄዳለሁ። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር አሌክሳንደር ማኩዊን በለንደን ባሳየው ትርኢት፣ በሕፃንነቷ ሁለት እግሮቿ የተቆረጡባትና በ1996 በአትላንታ ፓራሊምፒክ የሮጠችው ኤሚ ሙሊንስ ከእንጨት በእጅ ተፈልፍለው በወይን ሐረግ ባጌጡ እግሮች ቀረበች፤ ብዙ ተመልካች ያማሩ ቡት ጫማዎች መስለውት ነበር። በዚሁ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ካሜራ በማይደርስበት በወላይታ፣ ሌላ ሥራ ተጀመረ። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚያርሰው ገበሬ እግር የሚያብጥበት በሽታ፣ በአንዳንድ ቦታ ዝሆኔ የሚባለው፣ በትንኝ ወይም በእርግማን ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ የተገኘው አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሚያመጣው መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አስቀድሞ አስረድቶ ነበር። መድኃኒቱ ውኃ፣ ሳሙናና ጫማ ነው፤ ያበጠ እግር ግን ከሱቅ ጫማ አይገባም። ሞሲ ፉት በሚል ስም በሶዶ የተቋቋመው ማኅበር ሰፋፊ የቆዳ ጫማዎችን እንደየእግሩ ማሰፋት ጀመረ፤ ከሕመምተኞቹም ጫማ ሰፊነትን ተምረው ለሌሎች ሕመምተኞች የሚሰፉ ወጡ። ከለንደኑ ትርኢት ይልቅ ይህን ሥራ በሞድ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ባየው እወዳለሁ።

በቶሮንቶ ኢዚ ካሚሌሪ የምትባል፣ ለፊልምና ለዘፈን ከዋክብት የምትሰፋ ነዳፊ ነበረች። በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄደው ጋዜጠኛ ባርባራ ተርንቡል ልብስ እንድትሰፋላት በጠየቀቻት ጊዜ፣ ያወቀችው ጥበብ ሁሉ የቆመን ሰው ገላ የሚመለከት መሆኑን ተረዳች። የተቀመጠ ሰው ሱሪ ከኋላ ይጎድላል፣ ከፊት ይተርፋል፤ የኋላ ኪስና ወፍራም ስፌት ቀኑን ሙሉ ሲቀመጡበት ቆዳን ያቆስላል፤ ረጅም ኮት ከሥር ይጠቀለላል። ስለዚህ ቅዱን ከመሠረቱ ለውጣ፣ ገላው እንደታጠፈ ልኩን ወስዳ፣ በ2009 ለተቀማጮች የሚሆን የልብስ ቤት ከፈተች። በ2014 የኦንታሪዮ ንጉሣዊ ሙዚየም ሥራዋን ለሕዝብ ሲያሳይ በፈረስ ለሚቀመጡና በሰረገላ ለሚሄዱ መኳንንት ከጥንት ከተቀደዱ ልብሶች ጋር አጠገብ ላጠገብ አቆማቸው፤ ለተቀመጠ ሰው መስፋት ለባለጸጎች ሲሆን የማይከብድ ጥበብ እንደ ነበረ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ።

ገላቸውን የሚያሸፍን የሃይማኖት ሥርዓት ያላቸው ሴቶችም በስፖርት ሜዳ በር ላይ ቆመው ነበር። በ2004 በአውስትራሊያ የምትኖረው የሊባኖስ ተወላጅ አሄዳ ዛኔቲ ቡርኪኒ የተባለውን የዋና ልብስ ሠራች፤ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋም ለደኅንነት ያሰጋል ሲል የከለከለውን የራስ መሸፈኛ በ2014 ፈቀደ።

አሁን ስለ ቁልፍ ልናገር። በሰሜን ካሮላይና የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ የነበረው ዶን ሆርተን የፓርኪንሰን በሽታ ይዞት ሳለ፣ በ2009 ከአንድ ግጥሚያ በኋላ ጣቶቹ እንቢ ብለውት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ በኋላ ታላቅ ስም ያተረፈው ራስል ዊልሰን፣ ዝም ብሎ ቀርቦ ቆለፈለት። ሚስቱ ሞራ ሆርተን ይህን በሰማች ጊዜ፣ በውጭ ቁልፍ የሚመስል በውስጡ ግን በማግኔት የሚዘጋ ሸሚዝ ሠራች፤ በ2013ም ለገበያ አወጣችው። ኩክማን ዚፑን በስፌት ውስጥ የሸሸገችበት ምክንያትና ሞራ ሆርተን ማግኔቱን ከቁልፍ ሥር የሸሸገችበት ምክንያት አንድ ነው፤ በመካከላቸው ግን ግማሽ ምዕት ዓመት የሚያህል ጊዜ አልፏል።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። በ2012 ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት የፍሎሪዳ ወጣት፣ ወላጆቹ የጫማውን ክር ሳያስሩለት ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄድ እንደሚመኝ ለናይኪ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ነዳፊው ቶቢ ሃትፊልድም ሠርቶ በ2015 ኩባንያው በተረከዙ ዙሪያ በዚፕ የሚከፈተውን ጫማ አወጣ። በ2016 ቶሚ ሂልፊገር ሚንዲ ሻየር ካቋቋመችው ድርጅት ጋር ሆኖ በማግኔት የሚዘጉ የልጆች ልብሶችን ሠራ፤ የሻየር ምክንያት የጡንቻ በሽታ ያለበት ልጇ እንደ ጓደኞቹ ጂንስ ለብሶ ትምህርት ቤት ለመሄድ መፈለጉ ነበር። በ2021 ደግሞ ናይኪ ያለ እጅ የሚጠለቅና የሚወልቅ ጫማ በ120 ዶላር አወጣ፤ መጀመሪያ የቀረበው ግን በጥቂቱ ስለ ነበረ፣ ነጋዴዎች ቀድመው ገዝተው ከዋጋው በብዙ እጥፍ ሸጡት፤ ጎንበስ ማለት የማይችሉት፣ እጅ የሌላቸውና ጣቶቻቸው የማይታዘዟቸው ሰዎችም ለእነርሱ የሚሆነው ጫማ በሌሎች እግር ላይ ሲዞር እያዩ ኩባንያው ብዛቱን እንዲጨምር በአደባባይ ጠየቁ።